ለበዓል ሐረር ልትሄዱ ነው? ቀኑ እንዳያመልጣችሁ

ከአብርሃ ጅራ ሐረር መሄድ አገር ማቋረጥ ነው። ሰው ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ፣ ያጠራቀመውን ብር ጨርሶ ሲደርስ «በዓሉ እኮ ትናንት አለቀ» ወይም «ገና ሳምንት ይቀረዋል» ቢባል በጣም ያናድዳል። ሐረር ላይ ደግሞ ይሄ በቀላሉ ያጋጥማል። ምክንያቱም የከተማዋ ትልቁ ሕዝባዊ በዓል የሚውለው ብዙዎቻችን እንደምንገምተው በኢድ ቀን ሳይሆን ከኢድ በኋላ በሳምንቱ ነው። ስሙም ሹዋሊድ ይባላል።

በእኛ አካባቢ ላደገ ሰው የሙስሊም በዓል እንግዳ ነገር አይደለም። መተማ ዮሐንስ የከረመ ሰው ኢድ ሲደርስ ገበያው እንዴት እንደሚሞቅ፣ ከድንበሩ ማዶ ገላባት ያሉት እንዴት እንደሚያከብሩ ያውቃል። መተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተክሩር ሼኮች ያስተዳድሯት የነበረች የሙስሊም ነጋዴዎች ገበያ ነበረች። ተክሩሮቹ ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ፣ ወደ መካ ሲሄዱና ሲመለሱ እዚህ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ኢድና አረፋ አዲስ አይሆኑባችሁም። ሐረር ግን ሌላ ቦታ የማታገኟቸው የራሷ በዓላትና ልማዶች አሏት። የትኛው መቼ እንደሚውል፣ ምን እንደሚደረግበትና እንግዳ ምን ማወቅ እንዳለበት ተራ በተራ እንየው። ሴቭ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ይጠቅማችኋል።

ቀኑ ለምን ይቀያየራል?

የእስልምና የዘመን አቆጣጠር በጨረቃ ነው። አንዱ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ይሆናል። ከእኛ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያንስ በዓላቱ በየዓመቱ ወደ ኋላ እየተሳቡ ይመጣሉ። ለምሳሌ ኢድ አልፈጥር በ2016 ዓ.ም ሚያዝያ 2 ዋለ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ መጋቢት 21። ልዩነቱ ልክ 11 ቀን ነው። ይህን ከያዛችሁ የሚቀጥለውን ዓመት በግምት ማስላት ትችላላችሁ፤ ካለፈው ዓመት ቀን ላይ 10 ወይም 11 መቀነስ ብቻ ነው።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ኢድ የሚታወጀው ጨረቃ ከታየች በኋላ ነው። ስለዚህ የአንድ ቀን መቅደም ወይም መዘግየት ሁሌም አለ። ሁለተኛ፣ በጨረቃ አቆጣጠር ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። «ሸዋል 8» ሲባል የዋዜማው ማታም እዚያ ውስጥ ይገባል። ሐረር ላይ ደግሞ ብዙው ነገር የሚደምቀው ማታ ስለሆነ፣ «ጠዋት እደርሳለሁ» ያለ ሰው ግማሹን በዓል አምልጦት ያገኘዋል።

ረመዳን

ብዙ እንግዳ «የሙስሊም ከተማ በረመዳን ደስ ይላል» ብሎ ይሄዳል። ደስ ይላል፣ ግን ማታ ነው። ቀን ላይ ጁገል ውስጥ ከተማዋ ዝግ ትላለች፤ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ ወይም ሥራቸውን ይቀንሳሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ የማፍጠሪያ ሰዓት ይደርሳል። ሳምቡሳው፣ ቴምሩና ሾርባው ይወጣል፤ መንገዱም እስከ ሌሊት ይሞቃል። በረመዳን ከሄዳችሁ ቀን ላይ በሰው ፊት አትብሉ፣ አትጠጡ። ማንም አይከለክላችሁም፤ ነገሩ የይሉኝታ ነው።

ኢድ አልፈጥር (ሸዋል 1)

ረመዳን ያለቀ ዕለት ነው። ጠዋት በጋራ ይሰገዳል፣ ከዚያ ሰው ወደየቤቱና ወደየዘመዱ ይሄዳል። ቀኑ የቤተሰብ ቀን ነው። ቤት የሚጠራው ወዳጅ ያለው እንግዳ እጅግ ይደሰትበታል። ማንንም ሳያውቅ የሄደ ግን የተዘጋ ሱቅና ጭር ያለ ጠባብ መንገድ ሊያገኝ ይችላል። ሰው ሳታውቁ ለኢድ ቀን ብቻ ሐረር አትሂዱ የምንለው ለዚህ ነው።

እግረ መንገዳችንን አንድ የታሪክ ነገር፦ ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ዛሬ በመላ አገሪቱ ሥራ የሚዘጋባቸው ቀኖች ናቸው። ይሄ ግን ሁሌ የነበረ አይደለም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች እኩልነት ጠይቀው ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ ወጡ፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰልፈዋል። ከጥያቄዎቹ አንዱ በዓላቱ በመንግሥት ይታወቁልን የሚል ነበር። ሦስቱ በዓላት ብሔራዊ የሆኑት ከዚያ በኋላ፣ ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ነው።

ሹዋሊድ (ሸዋል 8)፦ ዋናው ቀን

የሐረር ሰው ኢድ በነጋታው እንደገና ጾም ይጀምራል። የሸዋል ስድስት ቀን ጾም ይባላል። በተለይ ሴቶች አጥብቀው ይጾሙታል። እንዲህ ተብሎ ይታሰባል፦ አንድ መልካም ሥራ በአሥር ይባዛል። ስለዚህ የረመዳን 30 ቀን 300 ይሆናል፣ ስድስቱ ቀን ደግሞ 60። ሲደመር ዓመቱን ሙሉ እንደ መጾም ይቆጠራል። ጾሙ ከሸዋል 2 እስከ 7 ይሄድና በ8ኛው ቀን ሹዋሊድ ይሆናል።

ለማስታወስ ቀላል ነው፦ ኢድ የዋለበት ዕለት በሳምንቱ። ኢድ እሁድ ከዋለ ሹዋሊድ የሚቀጥለው እሁድ ነው። በዓሉ ግን ሦስት ቀን ያህል የሚዘልቅ ስለሆነ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ግቡ።

ምን ይደረጋል? በዓሉ የሚከበረው በሁለት የአውሊያ ቦታዎች ነው፤ አው ሹሉም አህመድና አው አክበራ ይባላሉ። መጀመሪያ የቦታዎቹ ግድግዳ ተፈትጎ ቀለም ይቀባል። ከዚያ ማታ ዚክሪ ይጀመራል፤ ዚክሪ ፈጣሪንና ነቢዩን የሚያወድስ ዜማ ነው። ከበሮ ይመታል፣ በእጅ የሚያዙ እንጨቶች ይጋጫሉ፣ ሰዉ እየተወዛወዘ ይቀበላል። ሽማግሌዎችና ኢማሞች ይመርቃሉ፣ የድሮ ታሪክ ይነገራል። ወላጆች ለልጃገረዶች ጌጣጌጥ ይሰጣሉ፤ ወጣት ወንዶች ቀለም ያለው ጥምጥም ያስራሉ። ይሄ «ልጆቹ ለአቅመ ጋብቻ ደርሰዋል» የሚል መልእክት አለው። ለሐረር ወጣት ሹዋሊድ የሚተያዩበትና የሚተጫጩበት በዓልም ነው። ውጭ አገር የሚኖሩ ሐረሪዎችም ለዚህ ቀን ብለው ይመጣሉ።

ኅዳር 2016 ዓ.ም ቦትስዋና ካሳኔ ላይ በተደረገው ስብሰባ ዩኔስኮ ሹዋሊድን በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ መዝግቦታል። ከኢትዮጵያ አምስተኛው መሆኑ ነው፤ ከመስቀል፣ ከፍቼ ጨምበላላ፣ ከገዳ ሥርዓትና ከጥምቀት ቀጥሎ። ከዚያ ወዲህ የእንግዳው ብዛት ጨምሯል፤ ማደሪያ ቦታ ቀድሞ ይያዛል። የመድረክ ዝግጅትና ኤግዚቢሽንም ይኖራል። የዝግጅቱ ሰዓት ከዓመት ዓመት ሊለያይ ስለሚችል ስትደርሱ ጠይቁ። መድረኩን አይታችሁ ብቻ እንዳትመለሱ ግን። ዋናው ነገር ያለው ማታ በሁለቱ አውሊያዎች ዘንድ ነው።

አረፋ (ዙልሂጃ 10)

ከኢድ አልፈጥር ሁለት ወር ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ ይመጣል። የመካ ተጓዦች አረፋ ተራራ ላይ ከሚቆሙበት ቀን ቀጥሎ ያለው ዕለት ነው። እርድ ይታረዳል፤ ሥጋው ለቤተሰብ፣ ለጎረቤትና ለድሃ ይከፋፈላል። ይሄም እንደ ኢድ የቤት በዓል ነው። መንገዱን አስቡበት፤ በአረፋ ሰሞን ከአዲስ አበባ ወደየትውልድ ቦታው የሚሄደው ሕዝብ፣ በተለይ ወደ ስልጤና ጉራጌ፣ በጣም ብዙ ነው። ትኬት ቶሎ ያልቃል።

አሹራ (ሙሐረም 10)

ኢንተርኔት ላይ «አሹራ» ብላችሁ ስትፈልጉ የሐዘን ሰልፍ ቪዲዮ ይመጣላችኋል። እሱ የሺዓ ሙስሊሞች ሥርዓት ነው፤ እ.ኤ.አ በ680 ከርባላ ላይ የተገደለውን የነቢዩን የልጅ ልጅ ሑሴንን የሚያስቡበት። የኢትዮጵያ ሙስሊም ግን በአብዛኛው ሱኒ ስለሆነ አሹራ እዚህ የጾምና የምስጋና ቀን ነው።

ሐረር ደግሞ በዚህ ቀን ጅብ ትጋብዛለች። አዎ፣ ጅብ። ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይሠራና በከተማዋ ዙሪያ በሚገኙ የአውሊያ ቦታዎች ይቀርብለታል። አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል፦ ድሮ በክፉ ረሃብ ዘመን ጅቦች ሰው መብላት ጀመሩ። አባቶች ተመካክረው ገንፎ አበሏቸው፣ ከዚያ ወዲህ በሰላም መኖር ተጀመረ። ጅቡ ከግማሽ በላይ በልቶ ከተወ ዓመቱ ጥጋብ ነው ይባላል። ጨርሶ እምቢ ካለ ወይም ጥርግ አድርጎ ከበላው ደግሞ መጪው ጊዜ ያሰጋል።

ይሄን ከማታው የጅብ ትርኢት ጋር አታምታቱት። ከግንቡ ውጭ ለጅብ ሥጋ የሚያበሉ ሰዎች አሉ፤ በየቀኑ ማታ ማታ ነው፣ እንግዳ ከፍሎ ያየዋል። የአሹራው ገንፎ ግን በዓመት አንድ ቀን ነው፤ የሚደረገውም በጸሎትና በምርቃት መካከል ነው። አሹራ በመንግሥት ደረጃ ሥራ የሚዘጋበት ቀን ስላልሆነ በካላንደራችሁ ላይ አታገኙትም። ከአረፋ አንድ ወር ቁጠሩ።

መውሊድ (ረቢዕ አልአወል 12)

የነቢዩ መሐመድ ልደት ነው። ብሔራዊ በዓሉ አንድ ቀን ቢሆንም ሐረር ላይ ወሩን ሙሉ በየቤቱና በየአውሊያው መውሊድ ይነበባል፣ ይዜማል፣ ድግስ ይደገሳል። መውሊድን በማክበርና ባለማክበር ላይ በሙስሊሞች መካከል የአስተሳሰብ ልዩነት አለ። እንግዳ ናችሁና ክርክሩ ውስጥ አትግቡ። ሐረር ለሚርቅበት ደግሞ በክልላችን ወሎ ውስጥ ጀማ ንጉሥ በመውሊድ የታወቀ ቦታ ነው።

ጁገልን በአጭሩ

በዓላቱ የሚከበሩባት አሮጌዋ ከተማ ጁገል ትባላለች። በግንብ የታጠረች ስትሆን ስፋቷ 48 ሄክታር ያህል ነው፤ በእግር አንድ ቀን ይበቃታል። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው አሚር ኑር እንደሆነ ይነገራል። አምስት ጥንታዊ በሮች አሏት፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት ውስጧ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ ቦታዎች እንዳሉ ገልጿል። መንገዶቿ ጠባብና ጠመዝማዛ ስለሆኑ ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ ግራ ሊጋባ ይችላል። የጁገል ልጅ መጠየቅ ይሻላል።

ዕድል ካላችሁ የሐረሪ ባህላዊ ቤት ውስጥ እደሩ፤ ለእንግዳ የሚያከራዩ አሉ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ሳሎኑ ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች አሉት፤ ማን የት እንደሚቀመጥ በዕድሜና በክብር ይወሰናል። ስለዚህ ዝም ብላችሁ ዘፍ አትበሉ፣ እስኪያሳዩአችሁ ጠብቁ። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካያችሁ፣ ቤቱ ውስጥ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል።

ስልካችሁንስ?

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ሹዋሊድ ለሚመጣ ካሜራ ተብሎ የተፈጠረ ትርኢት አይደለም። ሰዎቹ ስድስት ቀን ጾመው የሚያመሰግኑበት ማታ ነው። ያ ሁሉ ሰው በስልክ ከከበበው ዚክሪ የሚለው ሰው ጭንቅ ይላል፣ ልጃገረዶች መውጣት ያቆማሉ፣ የሚቀረው ለእንግዳ የተዘጋጀው መድረክ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ፦

• የሰው ፊት በቅርብ ከመቅረጻችሁ በፊት ጠይቁ። «አይሆንም» ከተባለ አይሆንም ነው።
• ሴት ልጅን ሳትፈቅድ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ነውር ነው። እናንተ ላይክ ትቆጥራላችሁ፣ እሷ ግን ከተማዋ ውስጥ ትኖራለች።
• ጸሎትና ምርቃት ላይ ፍላሽ አጥፉ። ሽማግሌ ሲመርቅ ስልኩን ኪስ ከትቶ እጅን መዘርጋት ይሻላል፣ አሜን ማለት ለሁሉም ነው።
• መስጊድ ውስጥ ሳትፈቀዱ አትግቡ። አውሊያ ቦታ ስትገቡ ጫማ አውልቁ፤ ሴቶች ፀጉር ይሸፍኑ፣ ወንዶች ቁምጣ አይልበሱ።

ምግብና መጠጥ

ብዙ ክርስቲያን እንግዳ የሚጨነቅበት ነገር አለ፦ ሥጋ ቢቀርብልኝስ? በአገራችን ክርስቲያን የእስላም ሥጋ፣ ሙስሊምም የክርስቲያን ሥጋ አለመብላት የታወቀ ልማድ ስለሆነ ማንም አይገረምባችሁም። ገና ስትጋበዙ ቀድማችሁ ተናገሩ። ሳህኑ ከቀረበ በኋላ መግፋት ነው የሚያስቀይመው። ጾምም ከሆናችሁ እንደዚያው። በ2017 ዓ.ም ለምሳሌ ረመዳንም ሹዋሊድም ከዐቢይ ጾም ጋር ተገጣጥመው ነበር፤ ሁለቱም ወገን ጾምን ስለሚያውቅ መግባባት ቀላል ነው።

ቁጢ ቅመሱ፤ ከቡና ቅጠል የሚፈላ ነው። ሐሸራ ደግሞ ከቡና ገለባ ይሠራል። ጠዋት ፈጢራ አለ። ጫት ቢቀርብላችሁ «አልቅምም» ማለት ይቻላል። መጠጥን በተመለከተ፣ ሐረር ቢራ የሚጠመቅባት ከተማ ስለሆነች ከጁገል ውጭ መጠጥ ቤት አለ። ቀምሶ ወደ ዚክሪ መሄድ ግን ፈጽሞ አይሆንም።

መንገዱ

ከአብርሃ ጅራ ጎንደር ትደርሳላችሁ። ከጎንደር አዲስ አበባ በአውሮፕላን ወይም በመኪና ነው። ከአዲስ አበባ ሦስት አማራጭ አለ፦ በአውቶቡስ ቀጥታ ሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። በባቡር ወይም በአውሮፕላን ከሆነ እስከ ድሬዳዋ ነው፤ ከዚያ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚቀር በሚኒባስ ትጨርሱታላችሁ። የመንገዱ ጸጥታ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል። በእኛም በኩል፣ በወዲያም በኩል ከመነሳታችሁ በፊት በዚያ መስመር ሰሞኑን የተጓዘ ሰው ጠይቁ። መታወቂያ አይረሳ። ትኬት ስትቆርጡ የአንድ ቀን ትርፍ ያዙ፤ ጨረቃዋ ልትዘገይ ትችላለችና።

ጃኬትም ያዙ። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከእኛ ቆላ ሙቀት ለወጣ ሰው ማታው ይበርዳል፣ ዚክሪው ደግሞ እስከ ሌሊት ነው።

ባጭሩ

አንድ ጊዜ ብቻ መሄድ የምትችሉ ከሆነ ሹዋሊድን ምረጡ፤ ኢድ በዋለ በሳምንቱ፣ ሁለት ቀን ቀድማችሁ። ጅቡንና ገንፎውን ማየት ከፈለጋችሁ አሹራ፣ ከአረፋ አንድ ወር በኋላ። ወዳጅ ቤት ከተጋበዛችሁ ኢድ ወይም አረፋ። መነባነቡን ቀስ ብላችሁ ልትሰሙ ከፈለጋችሁ የመውሊድ ወር። ከማንኛውም በፊት ግን እዚያ የሚኖር አንድ ሰው ፈልጋችሁ ደውሉ። ሐረር ውስጥ ተማሪ፣ ወታደር ወይም ነጋዴ የሆነ ዘመድ የሌለው ሰው አይጠፋምና፣ ካላችሁ ዛሬውኑ ደውሉለት። ቀኑን የሚያረጋግጥላችሁ እሱ ነው።

ሐረር ሹዋሊድን ወይም አሹራን ያያችሁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ንገሩን። ለመሄድ ላሰበ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።